የጤነኛው ሰው አባሰንጋ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ የነበርነው አራት ነን፤ ግንበኛው አያቴ ቫንጌል፣ ዶክተር ካምቡሮቭ፣ ዲሞ የሚባለው ቆፋሪ፣ ምሳ ይዤ የመጣሁት እኔ። ዲሞ ዶማውን ሲያሳርፍ መሬቱ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ሲደግመው ዶማው ከነእጀታው ወደ ውስጥ ሾልኮ ጠፋ።

«ኧረ ዶማዬን!» አለ ዲሞ፣ ጉድጓዱ የሚመልስለት ይመስል።

የሚቆፈረው ለሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ መሠረት ነበር። ከተማችን በፍል ውኃዋና በደረቅ አየሯ የታወቀች ናት፤ ሮማውያንም ያለ ምክንያት አልሰፈሩባትም። የትም ቢቆፈር የእነሱ ጡብ ይወጣል፤ ሰዉ የዶሮ ቤት ይሠራበታል። ካምቡሮቭ የከተማው ጤና ኃላፊ ነበር። በመስከረም የአብዮቱ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ሚኒስትር መጥቶ የማገገሚያውን የመጀመሪያ ፎቅ ይመርቃል ብሎ በስብሰባ ፊት ቃል ገብቷል። ነጭ ጋውኑን ግንባታው ቦታ ድረስ ለብሶት ይመጣ ነበር፤ ሲሚንቶውም ሕመምተኛ ነው እንዴ አይባል ነገር።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የክፍላችን የንጽሕና ኃላፊ ነበርኩ። ክንዴ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ጨርቅ አስሬ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የልጆችን ጥፍር፣ ጆሮና መሐረብ እመረምራለሁ። የሰው ልጅ ለእኔ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጥፍሩ የጸዳና ጥፍሩ የቆሸሸ። ካምቡሮቭ ከመጀመሪያዎቹ አንደኛ ነበር። አያቴ ከሁለተኞቹ ነበር፤ በዚህም አፍርበት ነበር።

አያቴ በገመድ ወረደ። ቆይቶ ሲወጣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ነበር።

«ሰዎች አሉ» አለ። «ብዙ ናቸው። ጎን ለጎን ተኝተዋል።»

«ወርቅ አለ?» አለ ዶክተሩ።

«የለም። ግድግዳው ላይ ማሰሮ የያዘች ሴት ተሥላለች። ጽሑፍም አለ።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«ከሙታኑ ሌላ ማንም የለም።»

ካምቡሮቭ አልሳቀም። «ጓድ ቫንጌል፣ ቅዳሜ ሲሚንቶ ይፈስሳል። አንተም ምንም አላየህም።»

«አይቻለሁ እንጂ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄጄ ለሙዚየሙ እነግራለሁ። የጥንት ቅርስ ሕጉን በስብሰባ ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።»

ዶክተሩ አያቴን ትክ ብሎ አየው። ዓይኑ ወደ እጁ ወረደ። አያቴ እጁ ጀርባ ላይ ጠርዙ ቀይ፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ነበረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኖራ በልቶኝ ነው።»

ካምቡሮቭ እጁን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ሳይንስ ሲያስብ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ እጁን እንደ ፍም ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ልጅቷን አርቋት! ማንም እንዳይነካው! አባሰንጋ ነው! ከመቃብሩ ነው የያዘው!»

ደስ አለኝ። እውነቱ ይኼ ነው። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በሥዕል የማውቀው በሽታ እኛ ቤት ገባ፤ ያውም አያቴ ባለመታጠቡ። ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር!

ያን ቁስል ካንድ ሳምንት በፊት የሆስፒታላችን ነርስ ሲስተር ጊና በቅባት አሽታ እንዳሰረችለት የሰማሁት፣ እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ቀሪውንም የነገረችኝ እሷው ናት። በጸደይ በጎረቤት መንደር፣ በኅብረት እርሻው ውስጥ፣ አንዲት ላም በአባሰንጋ ሞታ ነበር። የቆዳዋ ቁራጭ በካምቡሮቭ ቢሮ በጠርሙስ ተቀምጧል። ዶክተሩ ሲሚንቶው እስኪፈስስ አያቴን ቆልፎ ለማቆየት በሽታ አስፈልጎት ነበር፤ ውሸት ያለ ወረቀት እንደማትቆምም ያውቃል። ከቁራጩ ፍቆ ከአፈር ጋር ቀላቀለ፤ «ከመቃብሩ የተወሰደ» ብሎ ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ለዚህ ሥራ ድርብ ጓንት አድርጎ ነበር። በዚያ ሰሞን በሽታውን የፈራው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አያቴን በአምቡላንስ ወሰዱት። ጉድጓዱ ዙሪያ ኖራ ነሰነሱ፤ የክሎሪኑ ሽታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ሰዉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከሩቅ ያያል። ካምቡሮቭ ግን ኖራው መሐል ወንበር አስቀምጦ፣ ያለ ጭንብል፣ ያለ ጓንት፣ ዳቦና ጨዋማ አይብ ይበላ ነበር። ጣቱን ይልሳል።

«አየሽው?» አልኳት አጠገቤ ለቆመችው ልጅ። «ጀርሞች ይፈሩታል።»

ከተማው በሙሉ እንደ እኔው ነበር ያሰበው። ዘጠኝ ዓመት የእኔ ሰበብ ነው፤ የእነሱን ሰበብ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። በሽታ ያለበት ቦታ ተቀምጦ ጣቱን የሚልስ ሐኪም አይተው «አይ ጀግና!» አሉ። ዳቦ ጋጋሪው እንዲያውም ሁለተኛ ዳቦ ላከለት።

ሴት አያቴ ሴቫ ብቻ አላጨበጨበችም። የጤና ቢሮው ሰዎች የአያቴን ፍራሽ ሊያቃጥሉ ሲመጡ በር ላይ ቆመች።

«አርባ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ» አለች። «አባሰንጋ ከእሱ ጋር ካደረ መጀመሪያ የሚሞተው አባሰንጋው ነው። ዞር በሉ!»

«እማማ ሴቫ፣ የዶክተሩ ትእዛዝ ነው።»

«የዶክተሩን ፍራሽ አቃጥሉ። የሕዝብ ሆድ ላይ የተኛ ሰው ፍራሽ ምን ያደርግለታል?»

ፍራሹን አቃጠሉት። እሷም በዚያው ቀን ከአውቶቡስ ሹፌሩ ጋር ወደ ሙዚየሙ መልእክት ላከች። እኔ ክሎሪን ልታስመጣ መስሎኝ ነበር።

ማግለያው ከሆስፒታሉ ኋላ ያለ ዝቅተኛ ቤት ነው። በመስኮቱ ሥር አንድ የእንጆሪ ዛፍ አለ፤ ፍሬው በስሎ መሬቱን አጥቁሮት ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ሥር እቀመጣለሁ። ያየሁት ግን አናደደኝ። አያቴ አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሲስተር ጊና ፊት ለፊቱ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ካርታ ትጫወታለች።

«ሲስተር፣ ጭንብልዎን!» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ጊና ቀና ሳትል። «ጥፍሬንም ልታዪ ነው?»

«ያሳዩኝ።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያቴ ሲስቅ ጉንጩ ቀላ። ከሥዕሉ ላይ «ትኩሳትና የፊት መቅላት» የሚለው ትዝ አለኝና አለቀለት ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። በየቀኑ ባቄላ በሁለት ሳህን ይበላ ነበር። ያንንም ከምልክቶቹ ቆጠርኩት።

ረቡዕ ዕለት ኢስክራ መጣች። ኢስክራ የሙዚየሙ ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጉልበቷ ላይ አፈር ያለባት። የግንባታው ዘበኛ ምሳ ሲበላ ኖራውን ተራምዳ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ካምቡሮቭ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጠብቃት ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ እሷንም ማግለያው ውስጥ ቆለፈባት። ከአያቴ ክፍል በአንድ መጋረጃ ብቻ ትለያለች። ከዚያ ወዲህ ካርታው በሦስት ሆነ።

«አለቃዬ ያውቃል» ስትለው ሰማሁ። «ስልክ ደወልኩለት። 'ሙታኑ ለመስከረም አይቸኩሉም፤ አርፈሽ ተቀመጪ' ብሎ ዘጋብኝ።»

«ሕጉስ?» አለ አያቴ።

«ሕጉ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል፤ ዕረፍት ላይ ነው።»

«እና ቅዳሜ ይፈስሳል።»

«ይፈስሳል።»

ካርታ የሚመታ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አያቴ «እነማን ናቸው?» አላት።

«ክርስቲያኖች። ቀደምቶቹ፤ ገና ከተማው የሚስቅባቸው። ልብስ አጣቢ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ባሪያ። ወረርሽኝ ሲገባ ሀብታሙ ወደ ተራራው ሸሸ፤ ሐኪሞቹ ከሀብታሙ ቀድመው ሸሹ። እነዚህ በየቤቱ እየገቡ የወደቀውን ያነሡ፣ ውኃ ያጠጡ ነበር፤ የእነሱ ወገን ላልሆነውም። ግድግዳው ላይ 'ወደ ታመሙት የገቡት' ይላል። ስም እንኳ የለውም።»

እኔ እንጆሪው ሥር በንዴት ቀላሁ። ያለ ጓንት! ያለ ጭንብል! ሳይታጠቡ ከቤት ቤት! በሽታውን ያሰራጩት እነሱ ናቸው እንጂ ሌላ ማን ነው? እንደዚህ ያሉ ሰዎች በእኔ ክፍል ቢኖሩ ኖሮ አንዳቸውንም በር አላስገባም ነበር። ካምቡሮቭ በጊዜው ስላልነበረ አዘንኩላቸው። ሐኪሞቹ ቀድመው ሸሹ የሚለውን ከጆሮዬ አላስገባሁትም።

«ግንበኛ አልገነባውም» አለ አያቴ። «ጠማማ ነው። ጭቃውን በጣታቸው ነው የጠቀጠቁት፤ የጣቱ ምልክት እስካሁን አለ። አንዱ ጋ የኔን ትንሽ ጣት ሰድጄ ነበር። አልገባም። የልጅ ነው።»

አያቴ ቄስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ከዚያ ወዲያ ካርታ ሲጫወት አልሰማሁም።

ዓርብ ከሰዓት አንዲት የመንግሥት መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች። ከአውራጃው የጤና ቁጥጥር የመጣችው ዶክተር ባልካንስካ ናት፤ ሰፊ ትከሻ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ፈገግታ የማያውቅ ፊት። ላቦራቶሪው አባሰንጋ ሲያገኝ ለአውራጃው በዚያው ቀን ማሳወቅ ግዴታው ነበር። ካምቡሮቭ ይህን ረስቶት ነበር። የጤናችን ጠባቂ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ሰማኋቸው።

«ወረቀቱ እዚህ ነው» አለች ባልካንስካ። «አፈሩ ውስጥ አባሰንጋ አለ። አይቆፈርም፤ አይታረስም፤ አይገነባበትም። በሽቦ ይታጠራል።»

«እስከ መቼ?» አለ ካምቡሮቭ።

«እስከ መቼ የሚባል ነገር የለውም፣ ጓድ። ዘሩ ከሰው ዕድሜ በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። አልተማርክም እንዴ?»

«ምናልባት... ጠርሙሶቹ ተቀላቅለው ይሆናል። ስሕተት ሊኖር ይችላል።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት። ጉድጓዱ ውስጥ የወረደው ሰው ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱን ውድቅ አደርገዋለሁ፤ ሥራህን ትቀጥላለህ። ከታመመ ግን አበቃ። ቡና ልጠጣና አየዋለሁ።»

ካምቡሮቭ ፊቱ እንደ ጋውኑ ነጭ ሆነ። በሽታው ያዘው ብዬ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ እንደራቀች ወደ መስኮቱ ሮጠ፤ እኔን ረግጦኝ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

«ጋሼ ቫንጌል!» አለ። «ጋሼ ቫንጌል፣ እርስዎ እኮ ምንም የለብዎትም!»

ጓድ ቀርቶ ጋሼ ሆነ፤ አንተ ቀርቶ እርስዎ። ለሚሞት ሰው ክብር መስጠቱ ነው አልኩ በልቤ፤ እንባዬ መጣ።

«አለብኝ እንጂ» አለ አያቴ። «እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ።»

«ተሳስቼ ነው!»

«የሕዝብ ሐኪም ይሳሳታል እንዴ?»

«ለልጅ ልጅዎ ይዘኑ! ጤነኛ ነኝ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ። አዲስ ፍራሽ እገዛልዎታለሁ። ይስሙኝ፣ ሴትዮዋ ቁስሉን ትጫነዋለች። የአባሰንጋ ቁስል አያምምም፤ የኖራ ግን ያምማል። ስትጫነው ይጩኹ። ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም፤ መጮኽ ብቻ!»

«ካልጮኽኩስ?»

ካምቡሮቭ የመስኮቱን ብረት ይዞ ቆመ። ጥፍሩ ሥር ቆሻሻ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሰው ሊያጽናና ሲሮጥ ነው የቆሸሸው አልኩ።

እሱ ሲሄድ ኢስክራ ከመጋረጃው ወጣች። «ጋሼ ቫንጌል፣ ከጮኹ ነገ ሲሚንቶው ይፈስሳል።»

«ካልጮኽኩ አንቺም ዕድሜሽን ሙሉ አትቆፍሪውም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔን ደግሞ ማን ይጨብጠኛል?»

ኢስክራ አቀርቅራ አለቀሰች። ትኩሳቱ ጀመራት አልኩ።

ባልካንስካ ስትገባ ካምቡሮቭ ከኋላዋ ነበር፤ ሲስተር ጊና ጭንብሏን በሥርዓት አድርጋለች። እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ በመስኮቱ አየሁ።

«ስምዎ?»

«ቫንጌል፣ ግንበኛ።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ምን አገኙ?»

«አጥንት። ብዙ።»

እጁን ጠየቀችው፤ ሰጣት። ወፍራም አውራ ጣቷን የጠቆረው ቁስል ላይ አሳርፋ ተጫነች። ከዚያ ይበልጥ ተጫነች። ከጠርዙ ውኃ ፈሰሰ።

ካምቡሮቭ ከኋላዋ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጩኸቱን እሱ ሊጮኽለት የፈለገ ይመስል ነበር።

«ያምማል?»

«ምንም» አለ አያቴ። «እሱ ነው የገረመኝ። የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።»

«እንዲህ ስጫነውስ?»

«እንኳን እርስዎ ላም ብትረግጠኝም አላውቅ።»

ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ትኩሳቱ እየጨመረ ነው ብዬ አሰብኩ። የእሱን መንጋጋ እንደዚያ ነክሶ ያየሁት ቀን ሌላ የለም። ባልካንስካ እጁን ለቃ በክሎሪን ታጠበች።

«ዶክተር ካምቡሮቭ፣ በጊዜ ስለደረስክበት አውራጃው ያመሰግንሃል» አለች። «ሽቦው ዛሬ ይተከል።»

ካምቡሮቭ «እኔ...» አለ። ሁላችንም ጠበቅን። እውነቱን ቢናገር ወህኒ ነው፤ ዝም ቢል ማገገሚያው ቀረ። ጋውኑን አስተካከለ። «ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» አለ።

ሲስተር ጊና በጭንብሏ ውስጥ ሳል መሳይ ድምፅ አሰማች። ዓመታት አልፈው ስጠይቃት «ምራቄን ነው የዋጥኩት፤ እላዩ ላይ እንዳልተፋበት» አለችኝ።

ሴት አያቴ ዜናውን ስትሰማ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። ከዚያ ለእሱ አዲስ ፍራሽ ሰፋች። ለምን እንዳልጮኸ ጠይቃው እንደሆነ አላውቅም። እኔ አንድ ቀን ጠየቅኩት፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ጊና ግን ገና አልነገረችኝም ነበርና ጥያቄዬ «በእውነት አላመመህም ነበር?» የሚል ብቻ ነበር። «እጄን ታጥቤ ነበር» ብሎ ቀለደብኝ።

ማገገሚያው ወንዙ ዳር፣ ጭቃ ላይ ተሠራ። ሳንባ ለማድረቅ የመጡ ሰዎች ጉም ውስጥ ተቀምጠው ይስሉ ነበር። ካምቡሮቭ በመስከረም በዓል ላይ ስለ ንቃቱ ሜዳልያ ተሰጠው፤ እኔ ነኝ አበባ ያበረከትኩለት፤ የክፍላችን ጥፍሯ የጸዳ ልጅ እኔ ነበርኩና። ዛሬ ጊዜው ተገልብጦ፣ በፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ከፊት ቆሞ ትልቁን ሻማ የሚያበራው እሱ ነው። ሰዉ አሁንም «አይ ዶክተር!» ይለዋል።

አያቴ ከማግለያው በወጣ ጊዜ ጸጉር አስተካካዩ «ምላጭ የለኝም» አለው። መጠጥ ቤቱ የፕሪም አረቄውን ለብቻው በተለየ ብርጭቆ ይቀዳለት ጀመር። ግንብ የሚያስገነባው ሰው አጣ፤ የሠራላቸው ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ሲያዩት መንገድ ይሻገሩ ነበር። ዲሞ እንኳ፣ ዶማውን ያጣው ዲሞ፣ ከሩቅ ባርኔጣውን ያነሣል እንጂ አይጠጋም። በቀብሩ የሚያለቅስለት ሰው እንዳይጠፋ ሴት አያቴ ትሰጋ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሲስተር ጊና ትመጣለች፤ ኢስክራም ከአውራጃው በአውቶቡስ ትመጣለች፤ ካርታ ይጫወታሉ። እኔ ሦስቱም በበሽታው የተያዙ ስለሆኑ እርስ በርስ የሚጠያየቁ መስሎኝ እኖር ነበር።

አያቴ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ መንግሥቱም ከተለወጠ በኋላ፣ ኢስክራ ጸጉሯ ሸብቶ የቁፋሮ ፈቃድ ጠየቀች። እኔም ጊናም አብረናት ወደ ጤና ቢሮው ሄድን። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጎልማሳ በትሕትና አዳመጠን። በቦታው በሽታ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ቁስሉ የኖራ እንደነበር፣ ሰውየው ጤነኛ እንደነበር ነገርነው።

«ታማሚው ራሱ ለአውራጃው ቁጥጥር የሰጠው ቃል አለ» አለ። «እናንተ ሐኪም ናችሁ?»

አይደለንም አልን። የአባሰንጋ ዘር ከሰው ዕድሜ በላይ አፈር ውስጥ እንደሚቆይ አስረዳን። አሮጌው ሽቦ መዛጉን ስለነገርነው ግን አመሰገነን፤ በዚያው ሳምንት በአዲስ ቀየሩት።